የምትቀረው ጠብታ

ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚሄደው ሚኒባስ ጃኬቴን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ ባለው ወንበር ሁለት ሽበታም ባልንጀሮች ያወራሉ።

«ከመስጊድ የቀረኸው እኔን አኩርፈህ መስሎኝ ነበር።»

«ወላሂ አንተን አይደለም። ሸንቼ፣ ታጥቤ፣ ሽርጤን አስሬ ስነሳ ጠብ ይላል። ለሶላት የታጠብኩት ውዱእ ይፈርሳል። እንዴት ብዬ ከሰው ጎን ልስገድ?»

«ሐኪም ዘንድ አትሄድም ነበር?»

«ሄድኩ። የምታክመው የልጄ እኩያ ሆነች። አፈርኩና ሆዴን ነው አልኳት። የወስፋት ኪኒን ይዤ ተመለስኩ።»

«አይ አንተ!»

«ኋላ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። አልሳቀችም። ‹አባቴ፣ ሸንተው ሲጨርሱ አይቸኩሉ። ከቆለጥዎ ኋላ በጣትዎ ጫን እያደረጉ ወደ ፊት ይሳቡት፤ የቀረው ይወጣል› አለችኝ።»

«እና ተወህ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደርቄ ነው የምውለው። ለጁምዓ ከጎንህ ነኝ።»

«እሰይ!»

ጠያቂው ወደ ባልንጀራቸው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በየት በኩል ነበር ጫን አድርግ ያለችህ?»

«እንዴ፣ አንተንም?»

«ታዲያ በዚህ ሙቀት ሽርጥ በሽርጥ ላይ የምደርበው በርዶኝ መሰለህ?»

እኔም ጭኔ ላይ ያለውን ጃኬት አስተካክዬ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከኋላ ወደ ፊት እያልኩ በሆዴ አጠናሁ።