እናቴን ያፈጠናት ሞተር

ሄሎ! — አዎ፣ እኔ ነኝ። ንገረኝ እስቲ፣ እናቴን ምን አደረግሃት?

… ምን «ደህና አደርክ» ትለኛለህ! የጠየቅሁህን መልስ!

… የሸክላ ማጫወቻውንማ አየሁት። አዲስ መርፌ፣ አዲስ ክንድ፣ ከሥሩ እብነ በረድ፣ አዲስ ሞተር። ሙሽራ መስሏል። የዘፈኑ ከበሮ ደረት ይመታል፣ አልካድኩም። እኔ ግን የሰጠሁህ ድምፁን እንድታጠራልኝ ነው እንጂ ሰው እንድትቀይርብኝ አይደለም!

… ሄሎ? ትሰማኛለህ? — በሩን ዝጉት እስቲ፣ እናንተ ልጆች! — እሺ፣ ቀጥል።

… «ትክክለኛው ፍጥነት»? እናቴ ስትሞት እኔ ገና ዳዴ እል ነበር። መልኳን አላስታውስም። ከእሷ የተረፈኝ ያቺ የዘፈነችባት አንዲት ሸክላ ብቻ ናት። ዕድሜ ልኬን የሰማኋት ድምጿ ወፈር፣ ዘገም ያለ፣ ኀዘንተኛ ሴት ናት። ልጆቼን ያስተኛሁት በእሷ ዜማ ነው። ትናንት መርፌውን ሳሳርፍ የወጣችው ማን ናት? ቀጭን! ችኩል! እየሳቀች የምትዘፍን ኮረዳ!

… አትሳቅ። አትሳቅ አልኩህ!

… አሮጌው ሞተር ነው ወደ ኋላ ሲጎትታት የኖረው? ጥሩ። ዳኛ አለኝ። የእናቴ ታላቅ እህት እዚሁ ናቸው። እሷ ከሞተች ወዲህ ሸክላውን መስማት አልችልም ብለው ነበር፤ ዛሬ በስንት ልመና መጡልኝ። — እትዬ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ። አይዞዎት፣ አንዴ ብቻ ነው። — አንተም አትዝጋ፣ ፍርድህን ስማ። መርፌውን አስቀመጥኩ።

…

እትዬ? … ምነው፣ ምን ሆኑ? … እሷ ናት? ይህች? … እንዲህ ነበር የምትስቀው? ሁልጊዜ?

…

አለሁ። አልዘጋሁም።

… «አላልኩህም?» አትበለኝ! እንደውም አሁን ገና ተናደድኩ! ይህን ማሽን በየዓመቱ እየፈታ የሚገጥመው ማን ነበር? በየዓመቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንደ ሰዓት ነው» የሚለኝስ? እንደ ሰዓት! ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት! ሰው ሁሉ «ጆሮው» እያለ የሚጠራህ በምንህ ነው? ያንን ለግሞ የሚዞር ሞተር ዘይት እየቀባህ፣ ሳቂታዋን እናቴን አልቃሻ አድርገህ ስታሰማኝ ኖርክ!

… ትንሽ ልዩነት ናት? ለአንተ ትንሽ ናት። እኔ እናቴ እንዳዘነች ሞተች ብዬ ነው ያደግሁት፣ ሰውዬ! እኔም እንደ እሷ መሆኔ መስሎኝ በሠርጌ ቀን እንኳ ፊቴን አልፈታሁም!

… በስልክ ይቅርታ አልቀበልም። ያለፈው ቅዳሜ በሬዲዮ ዝግጅትህ «የአንድ ደንበኛዬን ማሽን ነፍስ ዘራሁበት» ብለህ ስትፎክር ከተማው ሁሉ ሰምቶሃል። ማን እንደ ገደለው ግን አልተናገርክም።

… ምን ያስፈራሃል? እዚያው ማይክሮፎን ፊት ትቀመጣለህ … — ምን አሉኝ፣ እትዬ? ይደገም? መጣሁ፣ አሁን እደግምልዎታለሁ። — ስማኝ፣ እሳቸው እየጠበቁኝ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ፣ ሕዝብ እየሰማ መልስልኝ፦ ያን ሁሉ ዘመን «እናትህ ናት» ብለህ ስታሰማኝ የኖርካት ሴት ማን ነበረች?

ዘጋሁት!