የቡና ማጠቢያው ውሃ

ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኛ ፊት ለፊቱ ያሉትን ሼህ ይጠይቃል። ነገሩ ለሶላት መታጠቢያ ስለሚሆን ውሃ ነበር።

«ሼሁ፣ ቀይ ቡና ያጠብንበት ውሃ ተጣርቶ ተመልሶ ይመጣል። በእሱ ውዱእ እያደረግሁ ስሰግድ ወር ሆነኝ። ሶላቴ ተበላሸ?»

«ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ወደ ውሃነቱ ከተመለሰ አልተበላሸም።»

«አልሐምዱሊላህ! ንጹሕ ነው ተብሎ በግምገማ ጸድቋል።»

«ሶላት በግምገማ አይጸድቅም፣ ከድር! ቀለሙስ?»

«ጥርት ያለ ነው።»

«ጣዕሙስ?»

«ያው የውሃ ነው።»

«የቡና ልጣጭ አይሸትም?»

«እኔን አይሸተኝም።»

«እዚያ ስንት ዓመት ሠራህ?»

«ዘጠኝ።»

«ታዲያ ያንተ አፍንጫ ምን ምስክር ይሆናል! ሚስትህ አይታዋለች?»

«በጄሪካን ወስጄላት ነበር። ይሸታል ብላ ደፋችው።»

«ያ ረቢ! ፈትዋውን እሷ ሰጥታህ እኔን ለምን ታደክመኛለህ?»

«ልጣጭ እኮ ነጃሳ አይደለም፣ ሼሁ።»

«አይደለም! ልብስህን ቢነካ ምንም የለውም። ልጣጭ የለወጠው ውሃ ግን ለውዱእ አይሆንም። ስንቴ ልንገርህ?»

«እና የወሩን ሁሉ ልድገም?»

«የወሩን ሁሉ!»

«በአላህ፣ ሌላ ሰው ያሽትተውና ይፍረድልኝ!»

እኔ ከጎኔ የሚመጣው የልጣጭ ሽታ ከብዶኝ ከሺሺንዳ ጀምሮ ከፍቼው የመጣሁትን መስኮት ቀስ ብዬ ዘጋሁት።