የፊት ጎማው እንዲስብ

ጦርነቱ ከእኛ አካባቢ ራቅ ባለ ሰሞን ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ ላንድክሩዘር አየና አጠገቡ ያሉትን ሽማግሌ ጠየቀ።

«አባቴ፣ የዚህ ፎር ዊል ሁልጊዜ ነው የሚሠራው ወይስ ሲፈለግ ብቻ?»

«የፊት ጎማውን እይ። መሃሉ ላይ በእጅ የሚዞር ክብ ብረት ካለው፣ አራቱም ጎማ የሚስበው ሲፈለግ ብቻ ነው። የኔም እንደሱ ናት።»

«ውስጥ ያለችው ትንሿ ማርሽ አትበቃም?»

«አትበቃም። ወርደህ የሁለቱንም ጎማ ብረት ካላዞርክ ፊቱ አይስብም።»

«ያንቱ መኪና አሁን የት አለች?»

«ቤት ናት። በጦርነቱ ታጣቂዎች ልጄ እንዲነዳላቸው አስገድደው ይዘዋት ሄደው ነበር። ወንዝ ሲሻገሩ ጭቃ ያዛት። ትንሿን ማርሽ ቢያስገባ፣ ነዳጅ ቢሰጣት፣ አልወጣ አለች። መኪናዋንም ልጄንም እዚያው ትተው በእግራቸው ሄዱ።»

«ልጅዎስ?»

«ከመግሪብ በፊት እሷኑ እየነዳ ቤት ገባ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ታዲያ ጭቃው ሲይዛት ብረቱን ማዞር እንዳለበት አያውቅም ነበር ማለት ነው?»

«መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ እኮ።»

ወጣቱ ሳቁን ሲለቀው፣ እኔ ከኋላቸው እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።