ከመቀስ በፊት የሚነገር ዋጋ

እትዬ ሜትር የዕቃ ማስረከቢያው መስኮት ፊት ቆመዋል። እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ነው፣ ወረቀቱም ፊታቸው ተዘርግቷል፤ ግን አይፈርሙም። ከመስታወቱ ወዲያ አዲስ የስፌት መኪና ከነካርቶኑ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል።

“እትዬ፣ ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም?” አለ የመስኮቱ ሠራተኛ።

“አንዴ ታገሰኝ፣ የኔ ልጅ።”

“እኔማ እታገሳለሁ። መስኮቱ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያልተፈረመበት ዕቃም ወደ ላኪው ይመለሳል።”

ከሰልፉ ወጣ ብለው ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከጠዋት ጀምሮ ስልካቸውን ከቦርሳ ያወጣሉ፣ ያያሉ፣ መልሰው ይከታሉ፣ ደግሞ ያወጣሉ።

የእናት አባታቸው ስም ሜትር አይደለም። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሲሰፉ መለኪያው ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈርተኛው ያወጣላቸው ስም ነው። ዛሬም ረስተው አንገታቸው ላይ እንደጣሉት መጥተዋል። ዓይናቸው ደከም ሲል የሱቁን ሥራ ቀነስ አደረጉና በኢንተርኔት ስለ ስፌት መኪና የሚጽፉበት ብሎግ ከፈቱ። አስመጪዎች ማሽን ይልኩላቸዋል፣ ትንሽ ክፍያም ይጨምሩበታል፤ እሳቸው ይሰፉበታል፣ ያዩትን ይጽፋሉ። ማሽን ለመግዛት ያሰበች ሴት ሁሉ “እስቲ እትዬ ሜትር ምን አሉ?” ሳትል ገንዘቧን አታወጣም ነበር።

ታዲያ የመጀመሪያው አስመጪ “ዋጋዎ ስንት ነው?” ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ ፊታቸው ቀላና “ኧረ እንደ ፈቃዳችሁ!” አሉ። የአስመጪው ፈቃድ አርባ ሆነ። ይኸው አምስት ዓመት፣ የክሩ ዋጋ ሲጨምር፣ የቤት ኪራዩ ሲጨምር፣ አርባው አርባ እንዳለ አለ። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ እንዲህ ነው፤ ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው፣ ሰውን ቁጭ አድርጎ ይጨርሳል።

“እትዬ! እርስዎ ነዎት እንዴ?”

ቀና ሲሉ የድሮ ተለማማጃቸውን አዩ። ምላሷ ስለታም ስለነበር ቆንጥር ብለው የሰየሟት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ልብስ ስፌቱን ትታ ተምራ ዛሬ በሙያ ትምህርት ቤት ንግድ ታስተምራለች። የመጣችው የተላኩላትን መጻሕፍት ልትረከብ ነበር።

“አንቺ ቆንጥር! ደህና ነሽ ልጄ? ደህና ነሽ?”

“እኔ ደህና ነኝ። እርስዎ ግን ደህና አይመስሉም። ፊትዎ አመድ መስሏል።”

“አይ፣ ምንም አልሆንኩ።”

“እትዬ፣ አራት ዓመት አብሬዎት ሠርቻለሁ። መርፌ ሲወጋዎት እንኳን ምንም አልሆንኩ ነው የሚሉት። ምን ሆነው ነው?”

እትዬ ሜትር ስልኩን አቀበሏት። ሁለት መልእክት ነበር። የመጀመሪያው ከአንዲት አንባቢ የመጣ ነው፦ “እትዬ፣ የጻፉትን አምኜ ያንን ማሽን ገዛሁ። የሃምሳ ተማሪዎች ዩኒፎርም ልሰፋ ቀብድ ተቀብያለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተሩ ተቃጠለ። ልጆቼን ይዤ ምን ልሁን? እርስዎን ነበር ያመንኩት።” ሁለተኛው ያንኑ ማሽን ካስመጣው ድርጅት ወኪል ነው፦ “አዲሱ ማሽን ዛሬ ይደርስዎታል። ጽሑፉ እስከ ሐሙስ ይውጣልን። ዋጋው ያው ነው አይደል?”

ቆንጥር ሁለት ጊዜ አነበበችውና “ያን የተቃጠለውን ማሽን ስንት ቀን ሰፉበት?” አለች።

“ሁለት ቀን።”

“ድሮ ሦስት ሳምንት ይሰፉበት አልነበር እንዴ?”

“ነበር፤ ያኔ የሚልክልኝ አንድ ድርጅት ነበር። አሁን አራት ናቸው። ጠረጴዛዬ ላይ ሌሎች ሦስት ማሽኖች ተደርድረው፣ ሁሉም ‘ለሐሙስ፣ ለዓርብ’ እያሉ ሲጨቀጭቁኝ ምን ላድርግ? ሁለት ቀን ሰፋሁና ‘ጠንካራ ነው’ ብዬ ጻፍኩ። የሰው ልጅ እንጀራ ላይ ተቀመጥኩ፣ ልጄ።”

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይህን ተረት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ግን አራቱንም ለምን ተቀበሉ?”

“በአንዱ አርባ ቤት ይተዳደራል? አንዱ ሲያንስ ሁለት፣ ሁለቱ ሲያንስ አራት አልኩ።”

“ሥራውን ከሚያበዙ ዋጋውን ቢጨምሩ አይሻልም ነበር?”

እትዬ ሜትር የተሰደቡ ያህል ደነገጡ። አንገታቸው ላይ ያለውን መለኪያ እየጠቀለሉ፦

“ኤዲያ! እንዳንቺ የተማረ ሰው የሚለው ይሄን ነው፣ ጨምር፣ ጨምር! ስሚኝ፤ ብዙ የከፈለ ሰው አፍ ይገዛል። ዛሬ አርባ ስለሚሰጡኝ እንደ ልቤ እናገራለሁ። መቶ ቢሰጡኝ፣ ‘ይሄን አንሺ፣ ያንን ተዪ’ ሲሉኝ በምን ዓይኔ እምቢ እላለሁ?” አሉ።

ሐሳቡ ከንጹሕ ልብ የመጣ ስለሆነ ቆንጥር አልሳቀችም። ብዙ ጨዋ ሰዎች እንዲህ ያስባሉ፤ ትንሽ ከተቀበልኩ ነፃ ነኝ ይላሉ።

“እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እውነቱን ልናገር። አፍዎ ተገዝቷል፤ ያውም በአርባ። ሞተሩ በሁለት ቀን አይታወቅም። ሳያውቁ ‘ጠንካራ ነው’ ያሉት ማንም አስገድዶዎት አይደለም፤ ጊዜ ስላልነበረዎት ነው። ጊዜ ያጣ ሰው ደግሞ ከማሽኑ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈለትን ከመድገም ሌላ ምን ይላል?”

እትዬ ሜትር አንገታቸውን ደፉ። ምላሷ እንደ ድሮው ይወጋል፤ ቢወጋም ውሸት አልነበረም።

“እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ” አለች ቆንጥር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “የአንድ ሱሪ ጠርዝ ለመቀምቀም ስንት ያስከፍላሉ?”

“ሁለት።”

“አንድ ማሽን በደንብ ሲፈትኑ ስንት ሱሪ ይቀመቅማሉ?”

“ሃያ። አሥር ጂንስ፣ አሥር ስስ ጨርቅ። ከዚያ መጋረጃ አለ፣ ገበር አለ፣ ዚፕ አለ…”

“መጋረጃውን ይተዉት። ሃያ ሱሪ በሁለት አርባ ነው። አርባው የሱሪውን ጠርዝ ብቻ ከፈለ ማለት ነው። መጋረጃው በነፃ፣ ፎቶው በነፃ፣ ጽሑፉ በነፃ። ‘መርፌው እየተሰበረብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?’ እያሉ ለሚጽፉልዎት አንባቢዎች የሚሰጡት መልስም በነፃ!”

እትዬ ሜትር በጣታቸው ሲያሰሉ ቆይተው “ወይ ጉድ!” አሉ። ሠላሳ ዓመት በሰው ልብስ አንድ ጣት ጨርቅ አባክነው የማያውቁ ሴት የራሳቸውን ቀን በክንድ እየቀደዱ ሲሰጡ ኖረዋል።

“እሺ፣ ልክ ነሽ እንበል። ጨመርኩ እንበል። ከዚያ አራቱም ጥለውኝ ቢሄዱስ? የቤት ኪራይ አንቺ ትከፍይልኛለሽ?”

“ሊሄዱ ይችላሉ፤ አይሄዱም ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ሁለቱ ሄደው ሁለቱ ቢቀሩና ሦስት እጥፍ ቢከፍሉ፣ በግማሽ ሥራ ከዛሬው የበለጠ ያገኛሉ። ለአንድ ማሽን ሦስት ሳምንት ያገኛሉ። አንባቢዎቹ ከሄዱ ግን ማንም አይመልስልዎትም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰሙም?”

“አፌን ያልሽውስ? የከፈለው ሰው ‘አመስግኚልኝ’ ቢለኝ?”

“ዋጋውን ሲናገሩ ምን እንደሚገዛም አብረው ይናገሩ። ‘ይሄ የሦስት ሳምንት ሥራዬ ዋጋ ነው፤ ማሽኑን ብወደውም ብጠላውም ክፍያው አይቀየርም፣ ከመጀመሬ በፊትም ይከፈላል’ ይበሉ። ጽሑፉ አናት ላይ ደግሞ ‘ለዚህ ሥራ ተከፍሎኛል’ ብለው በግልጽ ይጻፉ። የተደበቀ ክፍያ ነው ሰው የሚያሳፍረው። የተጀመረ ሥራ ካለዎት በድሮው ዋጋ ይጨርሱላቸው፤ አዲሱን ግን አስቀድመው ያስታውቁ፣ ይቅርታም አይጠይቁበት።”

“እትዬ!” አለ የመስኮቱ ሠራተኛ ከወዲያ። “ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው!”

እትዬ ሜትር ተነሡ፣ ደግሞ ተቀመጡ። “ልጄ፣ ዛሬስ ልፈርም። የላኩትን ልመልስ? ነውር ነው። ለሚቀጥለው እነግራቸዋለሁ።”

ቆንጥር እጃቸውን ያዘች። “ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ለአንድ ደንበኛ የሙሉ ልብሱን ዋጋ ሳልነግረው ጨርቁን የቆረጥኩበትን ቀን ያስታውሳሉ?”

“እንዴት እረሳለሁ! ግማሹን ሰጥቶን ሄደ።”

“ከዚያ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምን አስጻፉኝ?”

ያንን ቃል ያስጻፉት እሳቸው ናቸው፣ ተለማማጅ በመጣ ቁጥርም ጮክ ብለው ያስነበቡት እሳቸው ናቸው።

“ዋጋ ከመቀስ በፊት ይነገራል…” አሉ ቀስ ብለው።

“ይጨርሱት እንጂ።”

“…መቀስ ከገባ በኋላ የሚጠየቅ ልመና ነው።”

“ይኸው፣ ያ ወረቀት መቀሱ ነው” አለች ቆንጥር ወደ መስኮቱ እያሳየች። “ከፈረሙ ጨርቁ ተቆረጠ።”

እትዬ ሜትር ያኔ ሳቁ፤ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ሳቁ። “በገዛ ሜትሬ ለካሽኝ፣ አንቺ ቆንጥር!” ብለው ስልኩን ተቀበሏት።

መጀመሪያ የደወሉት ለወኪሉ አልነበረም፤ ለዚያች አንባቢ ነው። “ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ። ሁለት ቀን ብቻ ሰፍቼ ነው የመሰከርኩት። የራሴን ማሽን ዛሬውኑ ነይና ውሰጂ፣ ዩኒፎርሙን ጨርሺበት። ያንን ጽሑፍም ዛሬ አርመዋለሁ” አሏት። ከወዲያ በኩል የሴትዮዋ ለቅሶ ተሰማ።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለወኪሉ ደወሉ።

“እትዬ ሜትር! ዕቃው ደረሰ አይደል?”

“ደርሷል። አልፈረምኩም። ከአሁን ወዲያ የአንድ ማሽን ሥራዬ መቶ ሃያ ነው፣ ሦስት ሳምንትም ይፈጃል።” አንድ ትንፋሽ ወሰዱ። “ይቅርታ” የሚለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጡት።

“መቶ ሃያ!? እትዬ፣ ምን ነካዎት?”

“ሁለት ቀን ሰፍቼ ስለ ማሽናችሁ መሰከርኩ፣ የሰው ሞተር ተቃጠለ። እሱ ነው የነካኝ።”

የወኪሉ ድምፅ ድንገት ማር ሆነ። “እሺ እትዬ፣ አንጣላም። መቶ ሃያውን እንክፈል። ያንን የሞተሩን ነገር ግን አያነሱትም፣ አይደል?”

እትዬ ሜትር የፈሩት ይኸው ደረሰ፤ ያውም በመጀመሪያው ደቂቃ። ቆንጥር አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ ይሄን መልስ ግን ሌላ ሰው ሊመልስላቸው አይችልም።

“ልጄ፣ መቶ ሃያው የሚገዛው ቀኔን ነው። አፌ ዋጋ አልወጣለትም።”

“እንግዲያው ሌላ ሰው እንፈልጋለን።”

“ይቅናችሁ።”

የመስኮቱ ሠራተኛ ካርቶኑን አንሥቶ ወደ ተመላሽ ዕቃዎች መደርደሪያ ወሰደው። እትዬ ሜትር እስኪሰወር ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

እዚህ ላይ “ወዲያውኑ በረከት ዘነበ” ብንል ደስ ባለን፤ ውሸት ይሆናል። ወኪሉ ተመልሶ አልደወለም። አዲሱን ዋጋ ለቀሩት ሦስት ድርጅቶችም አስታውቀው ነበር። እርማቱ በወጣ ማግሥት ሁለተኛው ድርጅትም “በዚህ ዋጋ አንችልም” ብሎ ጻፈ። ዘጠኝ ቀን ያህል ስልኩ ጭጭ አለ። እትዬ ሜትርን ምግብ አልወርድ አላቸው፤ “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” እያሉ ራሳቸውን ይወቅሱ ጀመር። አንድ ቀን እንዲያውም “አርባው ይሁን” የሚል መልእክት ጽፈው፣ ጣታቸው መላኪያው ላይ ከደረሰ በኋላ አጠፉት።

በአሥረኛው ቀን ሦስተኛው ድርጅት መቶ ሃያውን ከነደብዳቤው ላከ፤ “እርማትዎን አነበብን። ስህተቱን ደብቆ ከሚያመሰግን ሰው ይልቅ የእርስዎ ወቀሳ ይሻለናል” ይላል። አራተኛው በሳምንቱ ተከተለ። አራት ጊዜ አርባ መቶ ስልሳ ነበር፤ ሁለት ጊዜ መቶ ሃያ ግን ሁለት መቶ አርባ ነው፤ ይሄን ለማወቅ የንግድ መምህርት መሆን አያስፈልግም። ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ አሁን የሚቀመጠው አንድ ማሽን ብቻ ነው። ሳይቸኩሉ ይሰፋሉ፣ የጋለውን ሞተር በእጃቸው ዳብሰው ያውቁታል፣ ማታ ተኝተው ያድራሉ። የሥራውን ዋጋ አስቀድሞ በግልጽ የሚናገር ሰው ሥራውን በደንብ ለመሥራት ጊዜ ይገዛል፤ የሚያፍር ሰው ግን ከራሱ ጊዜ ይሰርቅና ኪሳራውን ላመነው ሰው ያሸክማል።

ያቺ አንባቢ ሃምሳውን ዩኒፎርም ጨርሳ የተዋሰችውን ማሽን ልትመልስ መጣች። ዘይት ቀብታ፣ አቧራውን ጠርጋ ነው ያመጣችው። በሩ ላይ ቆማ ትንሽ አመነታችና፦

“እትዬ፣ የዩኒፎርሙን ሒሳብ ተቀብያለሁ። የራሴን ማሽን ልገዛ ነው። የትኛውን ልግዛ?” አለች።

እትዬ ሜትር ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ማሽን ዞረው፣ ገና ሰባተኛው ሱሪ ላይ የነበረውን መርፌ አዩ።

“ሁለት ሳምንት ታገሺኝ፣ ልጄ” አሉ፤ “ገና አላወቅሁትም።”