እባካችሁ መስኮቱን ተዉት

ክቡር የማዕከላችን ኃላፊ አቶ ምንዋጋው፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ጋሽ ደጅይጥኑ፣ እርስዎም እዚያ በሩ ላይ የቆሙት እባክዎ ይቀመጡ፣ ለዛሬ እንኳ ጥበቃው ይቅር።

ለእኔ መሸኛ ብላችሁ ይህን ሁሉ ስለደከማችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በተለይ ይታየሽ፣ የዕቃ ግምጃ ቤታችን እመቤት! ከእጇ አንዲት ብሎን ለማውጣት ስንት ልመና እንዳለ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን በግ አስወጣች። ይህን የመሰለ ጋቢም አለበሳችሁኝ። ሞቆኛል። እውነቴን ነው፣ በጣም ሞቆኛል፤ የአዳራሹ መስኮት ሁሉ ዝግ ነው እኮ። እስቲ ከአጠገቤ ያለችዋን ልክፈታት። እንዲህ። ተመስገን።

የባልደረባችን የዘመናይ ባለቤት አቶ ተስፋው ዛሬ እንግዳችን ስለሆነ ሥራችንን በአጭሩ ልንገረው። እኛ ተራራውን፣ እርከኑን፣ ተከዜን፣ ከአለት የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን በእንጨትና በጄሶ አሳንሰን ሠርተን ለየትምህርት ቤቱ እንልካለን። ቀለም የምቀባው እኔ ነበርኩ። ኤርብራሽ የምንላት እስክሪብቶ የምታክል ዕቃ አለችን፤ ከኮምፕሬሰሩ በሚመጣ አየር ቀለሙን እንደ ጉም ትረጨዋለች።

አንድ ጊዜ የተራራ ሞዴል ይዘን ጽጽቃ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄድን። አንዲት ተማሪ ጣቷን ዘርግታ፣ «ይቺ የእኛ ቤት ናት!» አለችኝ። እኔ ምንም ቤት አልሠራሁም። ኤርብራሿ በደንብ ሳትታጠብ ቀርታ የተፋችው ጠብታ ነው። ምን ልበላት? «አዎ የእናንተ ናት» አልኳት። ልጅቱ ደስ ብሏት ጓደኞቿን ስትጠራ እኔ መደበቂያ አጣሁ።

እንግዲህ ይቺ ዕቃ ቀለሙ ውስጧ ሳይደርቅ መታጠብ አለባት። የተረፈው ቀለም ይወጣል፣ ቀለም የሚያቀጥነው ቲነር ይጨመርባታል፣ ቲነሩ ይረጫል። ወዴት? ወደ ክፍሉ ከረጨኸው ተመልሶ ወደ ሳንባህ ነው። የሚረጨው ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ነው፤ የክዳኑም መተንፈሻ ማጣሪያ አለው። እጅ ላይ ጓንት፣ አፍንጫ ላይ ማስክ። ለኮቪድ ያሰርናት ጨርቅ ቲነር አታግድም፤ በግራና በቀኝ ማጣሪያ ያለው ነው የሚያስፈልገው። ውስጧ ያለችው መርፌ የምትወጣው ኮምፕሬሰሩ ጠፍቶ አየሩ ከተለቀቀ በኋላ ነው፣ የምትጠረገውም ወደ ጫፏ ነው። እሳት በአካባቢው አይደርስም። ይህም ሁሉ ተደርጎ ሽታው መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ መስኮት ይከፈታል።

እኔና እናንተ እስከዚህ ድረስ ተግባብተናል። መስኮቱ ላይ ስንደርስ ግን አንግባባም።

እኔ እከፍታለሁ። አንዱ ያልፋል፤ «ወንዳወቅ፣ ኧረ ነፋስ ይመታሃል!» ብሎ ይዘጋል። እከፍታለሁ። ሌላዋ ትመጣለች፤ «በላብህ ላይ? ምነው ልጆችህን ብታስብ!» ብላ ትዘጋለች። «ይህ መስኮት አይዘጋ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። በማግስቱ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ጽሑፉ ከነክብሩ አለ። መያዣውን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ጋሽ ደጅይጥኑ በሽቦ ጠፍረው አሰሩት። በአማርኛ አስረዳኋችሁ፣ እሳቸውን ደግሞ በኽምጣንጛ አስረዳኋቸው። ሁላችሁም «እውነትህን ነው» አላችሁ፤ ከዚያም ዘጋችሁት።

አንድ ጠዋት እምቢ ብዬ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ጋሽ ደጅይጥኑ ምን ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው? ፍም የሞላ ማንደጃ!

«ካልዘጋህስ እንግዲህ ሙቅ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ልንቃጠል ነው!» ብዬ የቲነሩን ጣሳ ታቅፌ ወደ ግቢ በረርኩ።

«ምነው ልጄ፣ ብርዱ ጭንቅላትህ ገባ እንዴ?» አሉኝ። አትሳቁ! እርስዎም አይሳቁ ጋሼ፣ ያን ቀን ሁላችንም አልቀን ነበር።

አቶ ምንዋጋውም ዘንድ አቤት ብያለሁ። ይፍቀዱልኝና ልናገረው። ክፍሌ ድረስ መጡ፤ በትዕግሥት ሰሙኝ። «ፍጹም ትክክል ነህ፣ መመሪያ እናወጣበታለን» አሉኝ። ይህን እያሉ እጃቸውን ሰደድ አድርገው መስኮቱን ዘጉት። «ይቅርታ፣ ጥርሴን ያመኛል» አሉ። አሁን ይህን ሰው ምን ይሉታል?

በክፋት ብትዘጉት ኖሮ ተጣልተን በተገላገልን። እናንተ ግን ስለምትወዱኝ ነው የምትዘጉት። ደጉን ሰው እንዴት ብለው ይጣሉታል? አቃተኝ ወገኖቼ።

ከዚያ ሳሉ መጣ። ሐኪሙ መረመረኝና፣ «ሳንባህ ተጎድቷል፤ ከቀለምና ከቲነር ካልራቅክ እኔም ምንም ላደርግልህ አልችልም» አለኝ። ታምኑኛላችሁ? ግማሽ ልቤ ደስ አለው። አሁንስ ያምኑኛል ብዬ እየሳልኩ መጥቼ ነገርኳችሁ። ይታየሽ ደረቷን መታች፤ እንባዋ መጣ።

«አላልኩህም?» አለችኝ። «ያ መስኮት በላህ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የማዕከሉ መስኮት ሁሉ ተከረቸመ። በሽታዬ ሳይቀር ለእናንተ ምስክር ሆነ።

እኔስ ሄድኩ። ፃግብጂ፣ እህቴ ዘንድ ነው የምገባው፤ እዚያ ነፋስ እንጂ ቲነር የለም። ክፍሉን የተረከበችው ግን ዘመናይ ናት። ዘመናይ ደግሞ አሁን ብቻዋን አይደለችም፤ ሁላችሁም ታያላችሁ። እስክትወልድ ሌላ ሰው ይመደብ ብዬ ለምኜ ነበር። «ሰው የለም» ተባልኩ። እውነት ነው፣ የለም። እሷም ሥራዋን መልቀቅ አትችልም። እኔን በወደዳችሁኝ መጠን ሳንባዬ ይህን ከሆነ፣ እሷን በዚህ ሆዷ ምን ያህል ልትጠብቋት ነው? ፈርቻለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ጡረታው አይደለም፣ ይሄ ነው።

ጋሽ ደጅይጥኑ፣ ወዴት ነው? ይቀመጡ እንጂ!

«ነፋሱ ዘመናይ ላይ እየገባባት ነው፣ ልጄ።»

አያችሁ? አያችሁልኝ? ገና ንግግሬን ሳልጨርስ! ዘመናይ፣ እስቲ አንቺ ራስሽ ንገሪያቸው። ክፍት ይሁን በያቸው።

ምን አልሽ? ጮክ በይ፣ አልሰማሁሽም።

«ይዝጉት ጋሼ... ለልጁ ፈራሁ።»

እህ። በቃ። እንግዲህ እኔ ምን ልናገር ነው?

አይ፣ አታልቅሺ። አልተቆጣሁሽም። እናት ነሽ፣ እናትሽም እንደዚሁ ብላ ነው ያሳደገችሽ፣ የእኔም እንደዚሁ። ሰቆጣ ላይ ነፋስ የማይፈራ ማን አለ? እኔም እኮ ሌሊት ቤቴን ዘግቼ ነው የምተኛው።

ቆይ። ቆይ እስቲ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ እንዳታዝኑብኝ፤ ይህን ጋቢ ላወልቀው ነው። ስጦታችሁን ንቄ አይደለም፣ ነይ ዘመናይ። ተስፋው፣ አንተም ያዝላት። ነፋሱን ፈራሽ አይደል? እንግዲያው ትከሻሽን፣ ሆድሽን፣ ጆሮሽን ሳይቀር በዚህ ተጠቅለይ። ማስኩን ከፊትሽ፣ ጓንቱን ከእጅሽ አትለዪ። እንደ መነኩሴ ተጀቡነሽ ጥጉ ላይ ተቀመጪ፣ የሳቀ ይሳቅ። የጋቢው ጫፍ ብቻ ብልቃጡ ጋ እንዳይደርስ አጣፊው። የክፍሉን መስኮት ግን እንደተከፈተ ተዪው። እሺ? «እሺ» ስትይኝ አውቃለሁ፣ ሁላችሁም «እሺ» ብላችሁኛል። ቢሆንም በይልኝ።

እሺ አለች።

ከዚህ በላይ የማደርገው የለኝም፤ የቀረውን ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ። አቶ ምንዋጋው፣ ጥርስዎን ይማርልዎ፣ መመሪያዋንም አይርሷት። ይታየሽ፣ ቤትሽ አይጉደል፣ እጅሽም ለዘመናይ ማጣሪያ ይፈታ። ጋሽ ደጅይጥኑ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ የልጅ ልጅ ሰርግ ያሳይዎ። ሁላችሁንም ልጆቻችሁ ይጡሯችሁ፣ ዓመት ዓመት ያድርሳችሁ። ዘመናይ፣ ማርያም በሰላም ትገላግልሽ፤ የምትወልጂው ልጅ ሲያለቅስ ሰፈሩን የሚያስነሳ ሳንባ ይስጠው።

በሉ ደህና ሁኑ። ስወጣ ማን ወደ መስኮቱ እንደሚነሳ አውቃለሁ፣ ከወንበራቸው ቆመዋል እኮ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ እኔ የግቢውን በር እስካልፍ ድረስ ይታገሱ።