ጥለቱን ወደ ላይ

ከአብነት ወደ መርካቶ በምትሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፍቶ፣ ሸማ ተራ የሀበሻ ልብስ ለሚሸጡ እናት ሥራውን ያሳያል።

«ይኸው እትዬ፣ የሱቅዎ ፕሮግራም አለቀ።»

«ፎቶ የለውም እንዴ?»

«የሱቁ ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ ፎቶ አይችልም። በፊደልና በመስመር ብቻ ነው የሠራሁት። እያንዳንዱ ልብስ የራሱ ሳጥን አለው።»

«ሳጥኑ አናት ላይ ያለው ቀይ መስመርስ?»

«እሱ ጌጥ ነው። ዙሪያውን ባሰምር ስክሪኑ ይጠባል ብዬ ላዩን ብቻ አሰመርኩት። አያምርም?»

«ማን ሞተ?»

«እንዴ!»

«ጥለቱን ወደ ላይ አድርገኸዋላ! ነጠላ እንዲህ የሚለበሰው ለለቅሶ አይደል?»

«እትዬ ይሙቱ፣ ይሄ እኮ ነጠላ አይደለም፣ ስክሪን ነው።»

«ስክሪኑን እያዩ የሚመርጡት ሙሽሮች ናቸዋ! የሙሽራ እናት አንዴ ካየችው ሁለተኛ ሱቄን አትረግጥም።»

«እሺ በቃ፣ አይቆጡ። ‹ላይ› የሚለውን ‹ታች› ማድረግ ነው፣ አንድ ቃል ነች።»

ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ትንሽ ተንጣጣ።

«አሁንስ?»

«እሰይ! አሁን ሠርግ ሆነ። እስቲ ደግሞ ወፈር አድርገው።»

«ድርብ መስመር ይሁን?»

«ድርብ ይሁን። ቀለሙን ወርቅማ አድርግልኝ።»

«ወርቅማ የለም፣ ያለው ቢጫ ነው።»

«ቢጫ ይሁና፣ ከሩቅ ማን ይለየዋል!»

ከቀብር እየተመለስኩ የነበርኩት እኔ፣ አንገቴ ላይ ያለውን የነጠላዬን ጥለት ቀስ ብዬ በእጄ ሸፈንኩት።