የአቶ ገብረወልድ የማንጎ መጠጥ

ወይዘሮ የሺዓለምና ጂቱ አዳማ ውስጥ አንድ ሱቅ በር ላይ ድንገት ተገጣጠሙ። ጂቱ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ የምግብ ሳይንስ ተምራ መልካሳ እርሻ ምርምር ማዕከል ሥራ ከያዘች ወዲህ እንደ ልብ አይተያዩም። ወይዘሮ የሺዓለም ማንጎ የተሳለባቸውን ጠርሙሶች በፌስታል አንጠልጥለዋል።

"አካም ጂርታ ጂቱ! ጠፋሽ እኮ ልጄ።"

"አለሁ እማማ። የጋሼ ገብረወልድ የደም ስኳር ወረደላቸው?"

"ምን ይወርዳል! ዓይኑም ከዕለት ወደ ዕለት እየደከመ ነው፤ የእግሩም ቁስል አልድን ብሏል። ሐኪሙ ለስላሳ ከከለከለው ወዲህ ቤቴ ለስላሳ ገብቶ አያውቅም። ሻያችንንም ያለ ስኳር ነው የምንጠጣው፤ እኔም አብሬው። ለአፉ ማጣፈጫ ይቺን የማንጎ ጁስ ብቻ ጠዋት ማታ እሰጠዋለሁ።"

የጂቱ ፊት ተለወጠ።

"እማማ፣ ይፍቀዱልኝና ጀርባውን ላንብብልዎት።"

"አንብቢው። ፍሬ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ነው?"

"ውሃ፣ ስኳር፣ ጥቂት የማንጎ ጭማቂ፣ ሲትሪክ አሲድ፣ የማንጎ ጣዕም፣ ቢጫ ቀለም፣ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ነገር። በብዛቱ ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፤ ስኳሩ ከውሃው ቀጥሎ ነው። ከለስላሳው አይሻልም።"

"ተይ እንጂ! እሱን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይዞ ነው የሚመጣው። ይህ ሁሉ ሰው ተሳሳተ?"

አዎ፣ ተሳስቷል። በእኛ ዘንድ ሕመምተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን ድሮ ብርቱካን ይዘን እንሄድ ነበር፤ ዛሬ የብርቱካን ሥዕል ይዘን እንሄዳለን።

"ጭማቂ ቤት አስጨምቄ ብሰጠውስ?" አሉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ።

"እዚያም ስኳር ሊጨምሩበት ይችላሉ። ባይጨምሩ እንኳ ሲጨመቅ ቃጫው ይቀራል፤ ስኳሩ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል። ፍሬውን እንዳለ፣ ሐኪማቸው በፈቀደው መጠን ይብሉ። ሲጠማቸው ውሃ ይጠጡ።"

ወይዘሮ የሺዓለም የሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

"ስኳሩ አልወርድ ሲል እኮ፣ ተደብቀህ ጣፋጭ ትበላለህ ብዬ ስንቴ ተጣላሁት! በመድኃኔዓለም ምሎልኝ አላመንኩትም። ውሸታም አልኩት ልጄ፣ የአርባ ዓመት ባሌን! ለካ የማበላው እኔ ነኝ።"

ጂቱ አጠገባቸው ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ጊዜ በደጃቸው እያለፈች አንድ ቀን እንኳ ገብታ አለመጠየቋ ቆጫት።

ወይዘሮ የሺዓለም ጠርሙሶቹን ለባለሱቁ መልሰው ቤታቸው ገቡ። አቶ ገብረወልድ ግድግዳውን እየዳበሱ ሊቀበሏቸው ተነሡ። ወይዘሮ የሺዓለም የሰሙትን ሁሉ ነገሯቸውና ይቅርታ ጠየቁ።

አቶ ገብረወልድ የሚስታቸውን እጅ ዳብሰው ያዙ። "እኔስ ጣፋጭነቱ መች ጠፋኝ?" አሉ። "ከአንቺ እጅ የመጣ አይጎዳኝም ብዬ ነው የጠጣሁት።"

ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱ ከቤቱ ወጣ። መድኃኒቱ ሳይለወጥ ስኳሩ ቀስ በቀስ ወረደ፤ አልድን ብሎ የቆየው የእግራቸው ቁስል ጠገገ፤ ሌሊት በጥም መነሣቱም ቀረላቸው። ጎረቤቱም ሊጠይቃቸው ሲመጣ ፓፓያ ወይም እንቁላል ይይዛል። የዓይናቸው ብርሃን ግን አልተመለሰም። ወይዘሮ የሺዓለም ዛሬ የማናቸውንም ዕቃ ጀርባ ሳያስነብቡ አይገዙም፤ ባስነበቡ ቁጥርም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ያለቅሳሉ።